ጥንድ አበባ ለሙት

አያቴ የሞተው ማክሰኞ ነው፤ እንዲሞት የተፈቀደለት ግን ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ዓይኑን ከደነለት፤ ከዚያ በኋላ ከዋና ከተማው ከሶፊያ መልስ እስኪመጣ ድረስ ማልቀስም ለጎረቤት መናገርም ተከለከልን። ቬልኮ ካራጆቭ እንደ ማንም ሰው የሚሞት ሰው አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ ጫካ ገብቶ የተዋጋ፣ ኋላም ሃያ ዓመት የከተማችን ከንቲባ የነበረ፣ ሆስፒታሉን ያሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት አስከሬኑ የት አዳራሽ ለስንብት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በስንት ዘብ እንደሚጠበቅ የሚወስኑት ቤተሰቦቹ አይደሉም። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና በራሴ መንገድ ነበር የገባኝ። አያቴ እዚያ አልጋ ላይ ተጋድሞ ለመሞት ተራ የሚጠብቅ መስሎኝ፣ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ አዝንለት ነበር።

ሚስቱ እማማ ያና ሁለቱን ቀን ያሳለፈችው ጓዳ ውስጥ ነው። ለነፍሱ የሚሆን የስንዴ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ውሃውን ታጠልላለች፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ታሰጣለች፤ ስኳርና የተፈጨ ለውዝ ትነሰንስበታለች። ቄስ እንደማይጠራ ታውቃለች። ንፍሮውን የሚከለክላት ግን ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ሐሙስ ጠዋት ጓድ ፔንቾ መጣ። ጓድ ፔንቾ በማዘጋጃ ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ነው፤ ሠርጉንም፣ የሠራተኞች ቀን ሰልፉንም፣ ቀብሩንም የሚመራው እሱ ነው። ከእጁ ዝርዝር የማይለይ አጭር ሰው ነበር፤ ሠርግ ላይም ቀብር ላይም ፊቱ አንድ ነው። ጓዳ ብቅ ብሎ ንፍሮውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ ያና፣ ይሄ ከአዳራሹ በር አያልፍም።»

«አይለፍ» አለች ቀና እንኳ ሳትል። «እኔም ለአዳራሹ አልቀቀልኩትም።»

ፔንቾ ከእሷ ጋር ጠብ አላማረውም። ወደ እኔ ዞረና ከእግር እስከ ራሴ ለካኝ። ከሬሳው ራስጌ ቆማ ከሰው አበባ የምትቀበል፣ ቀይ የተማሪ መሐረብ አንገቷ ላይ ያሰረች የቤተሰብ ልጅ ያስፈልገው ኖሯል፤ ለፎቶግራፍ። ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና መቁጠር እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ማባዛትም እችላለሁ አልኩት ተቆጥቼ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ለሕያው ሰው የሚሰጠው አበባ ጎዶሎ ነው፤ አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት። ለሙት ግን ጥንድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሆኖም ተሰልፎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቆጥሮ አይመጣም፤ የአንዱ አበባ መንገድ ላይ ይቀነጠሳል፣ ሌላው ለጎረቤቱ አንድ ያካፍላል። ፔንቾ እንደነገረኝ አምና በሌላ ከተማ አንድ ሰው በአንድ ባለሥልጣን ሬሳ ላይ አምስት አበባ አስቀምጦ፣ ለማፌዝ ነው ተብሎ ሦስት ቀን ሲጠየቅ ከርሟል። የሥነ ሥርዓቱ ኃላፊም ከሥራው ተነስቷል። ታሪኩን ሲነግረኝ ያስፈራው ይሄ የኃላፊው መነሳት ነው።

«ጎዶሎ ካየሽ አንዱን መዘዝ አድርጊና ከኋላሽ ባልዲ ውስጥ ጣይው። ወይ ለሰውየው መልሺለት። ማን አዘዘሽ ካሉሽ ታዲያ የኔን ስም እንዳታነሺ። እኔ የፓርቲ አባል ነኝ፣ የአሮጊቶች እምነት የማስፈጽም ሰው አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው ልበል?»

ትንሽ አሰበ። «አያቴ ነው በይ። እሱን ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?»

በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት ማንም ትልቅ ሰው ምስጢር አካፍሎኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ራድካ ልናገር። የከተማው ልጆች ተሳፋሪዋ ነበር የምንላት። ከቀትር በፊት አውቶቡስ መናኸሪያው ትመጣለች፤ ከደቡብ ድንበር በኩል የሚመጣው አውቶቡስ እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ የሚወርዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ታያለች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ሻሽ ነበር የምታደርገው። ተሳፍራ አይተናት አናውቅም። እኔ አውቶቡስ የምትወድ ሴት ናት ብዬ ነበር የማምነው፤ እኔም ባቡር እወድ ስለነበር አልፈረድኩባትም።

ባሏ ስቶይል የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነበር ይባላል። አያቴና ጓዶቹ ከጫካ በወረዱበት መኸር እሱና ሌሎች አሥር ሰዎች ተወሰዱ። ትልልቆቹ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሄዱ» ነበር የሚሉት፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። እኔም በአውቶቡስ የሄዱ መሰለኝ። ከመድኃኒት ቤቱ ሰው ሌላ የአሥሩ ስም ዛሬም አንድ በአንድ አይነሳም፤ የጋራ ጉድጓዳቸው የተገኘው እኔ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ውስጡ የተገኙትም አሥር ናቸው።

አያቴ በዓለም ላይ ማንንም የማይፈራ ሰው ነበር። ሚኒስትር ሲመጣ እንኳ ቆሞ ክራቫቱን አያስተካክልም። ራድካን ግን ይፈራት ነበር። ከሩቅ ሰማያዊው ካፖርት ብቅ ሲል እጄን ይዞ ወደ ሌላኛው የመንገድ ጫፍ ይሻገራል፤ መሻገሪያ ካጣ ደግሞ የጫማ መደብሩን መስኮት ማየት ይጀምራል፤ እሱ ጫማ ሲወድ አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን ማምለጫ ሳያገኝ በገበያው መሀል ፊት ለፊት ተገናኙ። ሰላም አልተባባሉም።

«ቬልኮ፣ ገና ነው?» አለችው።

«ገና ነው» አላት መሬት መሬት እያየ።

ይኸው ነው። እሷ አልፋ ሄደች፤ የአያቴ መዳፍ ግን እጄ ውስጥ በላብ ራሰ። ስለ አውቶቡሱ ነው የጠየቀችው ብዬ ነገሩን ዘጋሁት፤ ከንቲባ የነበረ ሰው የአውቶቡስ ሰዓት ማወቁ ተገቢ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ እንዳልተነጋገሩ ያን ጊዜ ማን ሊነግረኝ።

አርብ ዕለት በባህል ቤቱ አዳራሽ አያቴን አየሁት። ሬሳ ሳጥኑ ከቀይ ጨርቅ በተሠራ ከፍታ ላይ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፤ ራሱ ከእግሩ ከፍ ስለሚል ሕዝቡን የሚያይ ይመስላል። የቲያትር ክፍሉ ሴትዮ ፊቱን ፓውደር ቀብታዋለች። እግሩ ሥር ሰባት ቀይ የከፋይ ትራሶች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ኒሻን አለ። ጥቁር ጠርዝ ያለው ቀይ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ሰዎች በአራት ማዕዘን ይቆማሉ፤ በየሦስት ደቂቃው ሌሎች አራት ይተኳቸዋል። አዳራሹ የጥድ አበባ ጉንጉን፣ የወለል ሰምና በዝናብ የራሰ ካፖርት ይሸታል። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው የሐዘን ሙዚቃ ሸክላ ያዞራል፤ ሸክላው ባለቀ ቁጥር መርፌው ሲያንኳኳ ይሰማል።

የልጅ ልቤ እንዴት እንደ ኮራ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። መላው ከተማ በፊቴ ያልፍ ነበር። የትምባሆ ፋብሪካ ሴቶች፣ የማዕድን ሠራተኞች፣ መምህሬ ሳትቀር። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አበባውን ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔ እቆጥራለሁ፤ እግሩ ሥር አኖራለሁ። እስከ እኩለ ቀን አሥራ ሰባት ጎዶሎ አገኘሁ። ከአንድ የመንደር ሽማግሌ ሰባት ተቀብዬ አንዱን ስመዝበት «እሰይ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው» አለኝ። ከዓምዱ ሥር የቆመው ጓድ ፔንቾም በዓይኑ ጠቀሰኝ። ከግድግዳው ጥግ ወንበር የተሰጣት እማማ ያና ግን አንድም ጊዜ ወደ ሬሳው አላየችም። በሐዘን ደንዝዛ ነው አሉ። ኋላ ነው የገባኝ፤ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ወደ ወንበሯ ለሚቀርብ ለሚቀርበው ሁሉ እፍኝ እፍኝ ንፍሮ በወረቀት ጠቅልላ በድብቅ ታድል ነበር።

ራድካ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰልፉ ውስጥ ከጥቁሩ ሁሉ መሀል ሰማያዊው ካፖርትና ቢጫው ሻሽ ከሩቅ ታየ። ሰዎች ወደ ኋላና ወደ ፊት ትንሽ ትንሽ ራቁ፤ ብቻዋን ከልጇ ከዝላታ ጋር ቀረች። ዝላታ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያለፋት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የእናቷን ክርን ይዛ «እማዬ፣ እንመለስ» ስትል ሰማኋት።

ራድካ አበባውን ለእኔ አልሰጠችም። ራሷ ወደ ፊት ሄዳ፣ ሦስት ነጭ የካርኔሽን አበባ ከአያቴ እጅ አጠገብ፣ ማንም ሰው ባላስቀመጠበት ቦታ አኖረች። ከዚያ ወደ ፊቱ ጎንበስ አለች። ከእኔ በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም።

«ላንተ አይደሉም። የስቶይል ናቸው» አለችው። ቀጥላም «አሁንስ፣ ቬልኮ?» ብላ ጠየቀችው፤ የምሯን መልስ የምትጠብቅ ሰው ሆና ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

እኔ ሦስት መሆናቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ሦስት! ያውም ፎቶግራፍ አንሺው በሚያነጣጥርበት ቦታ። ፔንቾን አየሁት፤ ከዓምዱ ሥር ፊቱ ወረቀት መስሏል። እጄን ሰድጄ አንዱን መዘዝኩና ለራድካ ዘረጋሁላት።

«ለሙት ጥንድ ነው፣ እትዬ ራድካ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ግራጫ መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

እንደተማርኩት መለስኩ። «አያቴ ነው።»

«መቼ?»

ይሄ ከፔንቾ ጋር ያልተጠና ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ውሸት አንዴ ከጀመሩት ይለምዳል። «ሊሞት ሲል» አልኩ።

አበባውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። «ተባረኪ፣ ልጄ» አለች። «ሸክም አወረድሽልኝ።» ከዚያ ለሬሳው እጅ ሳትነሳ፣ ለእማማ ያናም ሳትጨብጥ፣ ዝላታን እየጎተተች ወጣች። እኔ ስሕተቷን ስላረምኩላት ያመሰገነችኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ማታ ፔንቾ ጉንጬን ቆንጥጦ ቸኮሌት ሰጠኝ።

በማግስቱ በራድካ በር ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጥቁር ጠርዝ፣ የአንድ ጎልማሳ ፎቶ፣ ከሥሩ ስቶይል የሚል ስም። የራድካ ቢጫ ሻሽ ጠፋ፤ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለበሰች። እኔ የገባኝ ሰውየው ከአያቴ ጋር በአንድ ሳምንት የሞተ መሆኑ ነው፤ ለእሱ አዳራሽ ስላልተፈቀደለት እንኳ ትንሽ አዘንኩለት። ራድካ መናኸሪያ መሄዷን ተወች። ወር ሳይሞላ ፍርድ ቤት ሄዳ ባሏን በሕግ ሞቷል አስባለች፤ ለባዶ መቃብር ድንጋይ አስቀረጸች። ዓመት ሳይሞላም ሚስቱ የሞተችበትን የአውቶቡስ ትኬት ሻጭ አገባች። ሃያ ምናምን ዓመት በየቀኑ በመስኮቱ ሲያያት የኖረ ሰው ነው። ከተማው ሳቀ። አውቶቡስ ወዳ ወዳ በመጨረሻ ተሳፈረች ተባለ። እኔም ስቄያለሁ።

ዓመታት አለፉ። ሶፊያ ሄጄ ነርስ ሆንኩ። መንግሥት ተለወጠ፤ ከሆስፒታሉ በር ላይ የአያቴ ስም ተነቀለ፤ እማማ ያናም አረፈች። ሃያ ሰባት ዓመቴ ላይ ቤቱን ልሸጥ ወደ ከተማችን ስመለስ ዝላታ በር ድረስ መጥታ አንኳኳች። እናቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። በክንዷ የብስኩት ቆርቆሮ ሣጥን ይዛለች።

«ከተሰሎንቄ ነው የመጣው» አለችኝ። «ለአባቴ ክፍል ያከራዩት ሴትዮ ናቸው የላኩት። ድንበሩ እስኪከፈት ነው የጠበቁት።»

ተሰሎንቄ ከድንበሩ ማዶ፣ ግሪክ አገር ናት፤ ከከተማችን በአውቶቡስ አራት ሰዓት ነው። ያው የደቡቡ አውቶቡስ።

ሣጥኑ ውስጥ ደብተር ነበር፤ በስቶይል እጅ የተጻፈ። በጦርነቱ ክረምት አያቴ ጫካ ውስጥ በታይፈስ በሽታ ሊሞት ሲል፣ ስቶይል በጓሮ በር መድኃኒት ልኮ አድኖታል። በመኸሩ አሥራ አንድ ሰው እንዲረሸን አያቴ ሲታዘዝ አሥሩን ረሸነ፤ አሥራ አንደኛውን ግን በተራራው መተላለፊያ ድንበር አሻግሮ ለቀቀው። ሪፖርቱ ላይ አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። ከሰባቱ ኒሻኖች አንዱን የሸለሙት ለዚያ ሥራ ነው። ሲለያዩ ስቶይልን አስምሎታል፤ እኔ እስካለሁ ድረስ አትጻፍ፣ አንድ ደብዳቤ ከመጣ ሚስትህም እኔም እናልቃለን ብሎ። ለራድካም አንድ ቃል ብቻ አድርሶላት ነበር። «ጠብቂ።» እሷም ጠበቀች።

መጀመሪያ ላይ አያቴ እውነቱን የደበቀው ፈርቶ ነው፤ ሊያስረሽነው የሚችል ነገር ነበር። በኋላ ግን ከንቲባ ሆኖ፣ ማንም የማይነካው ሰው ሆኖስ ምን ያዘው? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አብላልቼዋለሁ። ለአሥር ሰዎች ሞት የተሰጠውን ክብር ተሸክሞ የአንዱን መዳን መናገር አቃተው። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የተሻለው ሥራ፣ የሚያሳፍረውም ያ አንዱ ብቻ ነበር። እወደው ነበር፤ ዛሬም ይህን ሳስብ ያንገሸግሸኛል።

«ቬልኮ ሞተ የሚለውን ወሬ አባቴ የሰማው በሬዲዮ ነው» አለች ዝላታ። «መሐላው ተፈታለት። በዚያው ወር በቀይ መስቀል በኩል እናቴን ማፈላለግ ጀመረ። መልሱ ዘግይቶ ሲደርሰው ግን፣ ባለቤትዎ እርስዎን በሕግ ሞተዋል አስብላ ሌላ ባል አግብታለች ይላል።»

ከደብተሩ የመጨረሻ ገጽ አነበበችልኝ። ራድካ ሞቷል ካለች ሞቻለሁ፤ ሰላሟን አልነሳትም ይላል። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም።

ዝላታ ወደ መቃብሩ ይዛኝ ሄደች። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ግን እግሬ ተከተላት። ግራጫ ድንጋይ ላይ ሁለት ስም አለ፤ ከላይ ስቶይል፣ ከታች ራድካ። እናቷ የባሏን የሞት ቀን ስላላወቀች መሞቱን ሰማሁ ያለችበትን ቀን ነበር ያስቀረጸችው። ቀኑ አያቴ ባህል ቤቱ አዳራሽ ለስንብት የተቀመጠበት አርብ ነው። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ ተሰሎንቄ ውስጥ፣ በአንዲት ኪራይ ክፍል፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል።

«እናቴ በየሙታን መታሰቢያ ቅዳሜው ላንቺ ሻማ ታበራ ነበር» አለችኝ ዝላታ። «እውነቱን የነገረችኝ ልጅ ትልሽ ነበር። ልጠይቅሽ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። አያትሽ ሊሞት ሲል አባቴ ሞቷል ያለሽ ለምንድን ነው? እሱ መኖሩን እያወቀ?»

ለዚህ ኖሯል የመጣችው። ለአንድ አፍታ መዋሸት አማረኝ፤ አያቴ ቃዥቶ ነው ብል፣ ተሳስቶ ነው ብል፣ ነገሩ በሙት ላይ ተደፍድፎ ይቀራል።

«አያቴ ምንም አላለኝም» አልኳት። «አበባው ጎዶሎ ስለነበር ነው። ጥንድ አድርጊ ተብዬ ነበር።»

ዝላታ ጎንበስ አለች። መሬት የወደቀ የሻማ ቁራጭ አንስታ በጣቶቿ ፈረፈረችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር» አለች በመጨረሻ። «አሥራ አራት ዓመት በሰላም ስትተኛ ኖራ ነው የሞተችው። አባቴ ደግሞ ሰላሟን አልነሳም ብሎ ሞተ። ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። አያትሽ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ችሎበታል። የልጅ ልጁ ነሽና አንቺም ትችዪበታለሽ።»

ቻልኩበት። ከተማው ስለ ስቶይል የሚያውቀው ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ራድካ ለምን መጠበቅ እንደተወች ግን ማንም አያውቅም፤ ታከታት ነው ይባላል። ዝላታ ባለፈው ክረምት አረፈች። ቀብሯ ላይ ሁለት አበባ ይዤ ሄድኩ፤ የቆጠረው ሰው አልነበረም።